ኮሚክ ለመሥራት ለምታስቡ፦ ብዕሩ፣ ፎንቱ፣ ማተሚያው የቱ ይሻላል? (የአዲስ አበባ ጥቆማ)

«ኮሚክ መሥራት እፈልጋለሁ፣ ግን ታብሌት የለኝም» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። ታብሌቱ ይቆይ። በጥሩ ብዕር፣ በእጃችሁ ባለው ስልክና በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት የመጀመሪያ የሥዕል ታሪካችሁን ማውጣት ትችላላችሁ። ብር የት ማውጣት እንዳለባችሁና የት እንደማያስፈልግ የማውቀውን ልንገራችሁ። ዋጋ ግን አልጽፍም፤ የዛሬው ለሚቀጥለው ሳምንት አይሆንም።

ከወረቀት ልጀምር። ተራው ባለ 80 ግራም ኤ4 ለንድፍና ለልምምድ ይበቃል። ማርከር ካነካችሁት ግን ወደ ጀርባው ያሳልፋል። ለዋናው ሥራ 160 ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ጠንከር ያለ ነጭ ወረቀት ግዙ። ኤ3 ከተገኘ ደግሞ እሰየው። በትልቁ ስላችሁ ወደ ኤ4 ስታሳንሱት የእጅ መንቀጥቀጥ አይታይም። በብዛት ለሚገዛ መርካቶ ይረክሳል፤ ለጥቂት ቅጠል ግን የሰፈራችሁ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ይሻላችኋል፣ የቀረውን ትራንስፖርት ይበላዋል። ፒያሳ ስለነበሩ ሱቆች የተጻፈ የቆየ ጥቆማ ካያችሁ ሳትደውሉ አትሂዱ፤ ከ2016ቱ ፈረሳ ወዲህ ብዙዎቹ ቦታቸው ላይ የሉም።

ብዕር ላይ አትቆጥቡ። ቢክ እስክርቢቶ ለልምምድ ምንም አይልም፣ ስካን ሲደረግ ግን መስመሩ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። የሚፈለገው ቀለሙ ሲደርቅ በውኃ የማይለቅ ቀጭን ብዕር ነው። ዩኒ ፒን፣ ሳኩራ ማይክሮንና የስቴድለር ፒግመንት ላይነር ሦስቱም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ማይክሮን በጣም ንጹሕ መስመር ይሰጣል፣ ግን እጁ ለሚከብድ ሰው ቀጭኑ ጫፍ ቶሎ ይደፈጠጣል። የኔ ምርጫ ዩኒ ፒን ነው፤ 0.3 ለመስመሩ፣ 0.8 ለክፈፉ፣ ማለትም እያንዳንዱን ሥዕል ለሚከበው ሳጥን። በስም የሚመሳሰል ቅጂም ስለሚሸጥ ሱቁ ውስጥ ወረቀት ላይ ጫር አድርጉ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ ከዚያ በረጠበ ጣት እሹት። ከለቀቀ መልሱለት። ንድፉን በፈዛዛ ሰማያዊ እርሳስ ብትሠሩት ደግሞ ላጲስ ትገላገላላችሁ፤ በጥቁርና ነጭ ኮፒ ላይ ሰማያዊው አይወጣም ማለት ይቻላል።

ስካን ለማድረግ ኮፒ ቤት ከሄዳችሁ «600 ዲፒአይ» በሉ። ዝም ካላችሁ ለመታወቂያ በሚያነሱበት ጥራት ያነሱላችኋል። በስልክ ከሆነ አዶቤ ስካን በነፃ ይሠራል። ካም ስካነርን ብዙ ሰው ይወደዋል፣ ነፃው ግን ፒዲኤፉ ላይ የራሱን ምልክት ያትምበታል፤ ለኮሚክ አይሆንም። መብራት አብርታችሁ ሳይሆን ቀን መስኮት አጠገብ አንሱት።

ሶፍትዌር ላይ ብዙ አልቆይም። ኮምፒውተር ያለው ክሪታን ያውርድ። ነፃ ነው፣ ለሥዕል የተሠራ ነው፣ የሚጎድለው ነገር ለጀማሪ አይታወቅም። በስልክ አይቢስ ፔንት ኤክስን እመርጣለሁ። ማስታወቂያው ያሰለቻል፣ ነገር ግን ገጹን በክፈፍ የሚከፋፍል መሣሪያ አለው፣ የአማርኛ ፎንትም ያስገባል። ሜዲባንግም ይሠራል፤ ስልክና ኮምፒውተር እያቀያየረ ለሚሠራ ሰው ከአይቢስ ይሻላል። የውጭ ካርድ ለሌለው ሰው በወር የሚከፈልባቸውን መጥቀስ ትርፉ ማስጎምጀት ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ፊደሉ። ሥዕሉ ቆንጆ ሆኖ የሚነበብ ነገር የሌለው የአማርኛ ኮሚክ ብዙ አይቻለሁ። ፊደሎቻችን በትንንሽ ቀለበትና ጭረት ነው የሚለያዩት። «ቤት» የሚለውን በትንሹ ጻፉና ፎቶ ኮፒ አስደርጉት። የ«ቤ» ቀለበት በቀለም ይደፈንና «ቢት» ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ገጹን ካሳነሳችሁት በኋላ የፊደሉ መጠን ከ10 ነጥብ (ፖይንት) በታች አይሁን። በመስመሮች መካከልም ሰፋ ያለ ቦታ ተዉ።

ሁለተኛው ችግር የቃላችን ርዝመት ነው። «አልመለሰችልኝም» ዘጠኝ ፊደል፣ አንድ ቃል ነው። እንደ እንግሊዝኛው ቀጭን ሞላላ የንግግር ክብ ከሠራችሁለት ወይ ይሰነጠቃል ወይ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። መጀመሪያ ንግግሩን ጻፉ፣ ከዚያ ክቡን በጎን ሰፋ አድርጋችሁ ዙሩበት፣ ሰውየውን በመጨረሻ ሳሉት።

ከፎንቶች ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አስቀድማለሁ። ነፃ ነው፣ ከስስ እስከ ደንዳና ድረስ ብዙ ውፍረት አለው። ይሄ ለኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ትልቅ ፊደልና ትንሽ ፊደል የሚባል ነገር ስለሌለን ጩኸትን የምናሳየው በውፍረት ነው። አቢሲኒካ ለተራኪው ጽሑፍ ያምራል፣ የብራና ወዝ አለው፤ ውፍረቱ ግን አንድ ብቻ ነው። ከቆዩት ዊንዶውሶች ጋር ይመጣ የነበረው ናያላ ለደብዳቤ ደህና ነው፣ በትንሹ ሲታተም ግን ቀጫጭን መስመሮቹ ይጠፋሉ። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ በፓወር ግዕዝ የጻፋችሁትን ፋይል ወደ ሌላ ኮምፒውተር አትውሰዱ፤ ፎንቱ ከሌለ የሚወጣው ዝብርቅርቅ ምልክት ነው። ማተሚያ ቤት የምትልኩት ሁልጊዜ ፒዲኤፍ ይሁን። እውነቱን ለመናገር ግን ከሁሉም የሚያምረው በእጅ የተጻፈው ነው። ቀጭን መስመር በእርሳስ አስምሩና በ0.5 ብዕር ጻፉት።

ወደ ኅትመት እንምጣ። ለጀማሪ የምመክረው ቅርጽ ኤ4ን ለሁለት አጥፎ መሀሉን በስቴፕለር መምታት ነው። ሁለት ቅጠል በጀርባና በፊት ስምንት ገጽ ይሆናል፣ አራት ቅጠል 16። የገጹ ብዛት ለአራት ካልተካፈለ ባዶ ገጽ ይተርፋችኋል።

እስከ 50 ቅጂ ድረስ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያሉት ኮፒ ቤቶች ይበቃሉ። ተማሪ ስለሚያጨናንቃቸው ፈጣኖች ናቸው፣ ጥራዝም ያውቃሉ። አንድ ነገር ግን ቆማችሁ አረጋግጡ፤ «ሳታሳንስ፣ በ100 ፐርሰንት» በሉት። አንድ ቤት እኔ ሳላይ ማሽኑ ራሱ እንዲያመጣጥነው ትቶት ክፈፉ ሁሉ ወደ መሀል ተሰብስቦ ወጣ፣ «ምን አለበት?» ብሎኝም ሒሳቡን ተቀበለ። ሽፋኑን ብቻ በቀለም ዲጂታል ፕሪንት ቤት አሠርቶ የውስጡን ኮፒ ማድረግ ደግሞ በጣም ያዋጣል።

ከ100 በላይ ከሆነ ብዙዎች የማያስቡት ሪዞግራፍ አለ። ትምህርት ቤቶች ፈተና የሚያባዙበት ማሽን ነው። አንዴ ማስተሩ (ቅጂዎቹ ሁሉ የሚታተሙበት ቅጠል) ከወጣ ቅጂው በበዛ ቁጥር ይረክሳል። ውጭ አገር ያሉ አማተር የኮሚክ ሠሪዎች ፈልገው የሚያሳትሙበትን ማሽን እኛ ጋ ፈተና ብቻ እያባዛ ነው የሚውለው! ችግሩ ቀለሙ ሰፊ ጥቁር ቦታ ላይ ቶሎ አይደርቅም፣ ጣት ላይ ይቀራል። የሌሊት ትዕይንት ከበዛባችሁ ተዉት። የማተሚያ ቤቶቹ ኦፍሴት የሚያስፈልገው ቅጂው ከዚያም በጣም ሲበዛ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀለም ፕሌት (የማተሚያ ቆርቆሮ) ስለሚወጣ በጥቂቱ ማሳተም ኪሳራ ነው።

ማሳተም ለማይፈልግ ቴሌግራም አለ። ገጹን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለዚያ ያሳንሰውና ያ የተለፋበት ፊደል ይደበዝዛል።

«ምን ልሥራ?» ላላችሁኝ፣ በባለ አራት ክፈፍ ጀምሩ። ለምሳሌ ታክሲ። በሦስቱ ክፈፎች ወያላው «ሁለት ሰው የቀረው ቦሌ!» እያለ ይጮኻል፣ ታክሲው እየታጨቀ ይሄዳል። በአራተኛው ታክሲው ሄዷል፣ ወያላው አስፋልት ላይ ቀርቷል። አንድ ዓይነት ንግግር ስለሆነ ለፊደል ልምምድም ይጠቅማል።

ለንባብ የአገር ውስጥ ካላችሁ ኢታን ኮሚክስ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ጀምበር» ፈልጉ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አለ፣ ጀግናው ሥራ ፈላጊ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። የአማርኛውን ንግግር ክቦቹ ውስጥ እንዴት እንዳስገቡት ተመልከቱ። የድሮ ጋዜጣና መጽሔት ካርቱን ለማየት ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ግቡ። ከዚያ በፊት ግን የንግሥተ ሳባን ባህላዊ ሥዕል፣ ያንን በ44 ሳጥን የተከፋፈለውን፣ ከላይ ከግራ ጀምራችሁ አንብቡት። በየባህል ዕቃ ሱቁ ተሰቅሏል፣ ማየት ደግሞ አያስከፍልም።