ዳያዜፓም 6 ሳምንት ሆነኝ፣ ልተወው ወይስ ልቀጥል?

የደብረ ብርሃን ሹፌር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ነው የምመላለሰው። ከጥቂት ወራት ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋብኝ። ጎኔ አልጋ ሲነካ ልቤ ድው ድው ይላል፣ የመኪናውን ዕዳ፣ የመንገዱን ነገር፣ የልጆቹን ነገር ሳወጣ ሳወርድ ዶሮ ይጮሃል። ሐኪም ዳያዜፓም የሚባለውን የጭንቀትና የእንቅልፍ ኪኒን፣ 5 ሚሊ ግራም ማታ ማታ ለ2 ሳምንት አዘዘልኝ። መጀመሪያ ለጥ ብዬ ተኛሁ። ሲያልቅብኝ ግን ሐኪሙ ጋ አልተመለስኩም፣ ራሴ እየገዛሁ ቀጠልኩ። አንዷ አልሠራ ስትለኝ ሁለት አደረግኳት። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ጣርማበርን በጉም ስወርድ ዓይኔ ክድን ሲል ረዳቴ ነው ጮሆ ያነቃኝ። ደንግጬ በዚያው ተውኩት። በ3ኛው ቀን እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ጭንቀቱም ብሶ መጣ። ትናንት መልሼ ዋጥኩ። ሱሰኛ ሆንኩ ማለት ነው? እናቴ ደግሞ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ግባ ትለኛለች።

ነርስ ነኝ፦
ወንድሜ፣ ጥፋተኛ አይደለህም። ሰውነትህ መድኃኒቱን ለምዶታል፣ ለዚህ ነው አንዷ ያልበቃችህ። እንዲህ ያለው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ለ2 ወይም ለ4 ሳምንት ብቻ የሚታዘዘውም ለዚሁ ነው። ግን ደግመህ በአንዴ እንዳታቆም፣ ራስን ስቶ እስከ መንፈራገጥ ሊያደርስ ይችላል። ነገ ዛሬ ሳትል ሐኪም ጋ ሂድ፣ የዋጥከውን ሁሉ ሳትደብቅ ንገረው፣ ቀስ በቀስ ይቀንስልሃል። ዳያዜፓም በአንድ ሌሊት ከሰውነት አይወጣም፣ ቀናት ይቆያል። ጠዋት ነቃሁ ብትል እንኳ ውስጥህ አለ። እባክህ እስኪሻልህ መሪ አትያዝ። አረቄ ደግሞ ከሱ ጋር ከሆነ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፣ አንድ መለኪያም ቢሆን ይቅርብህ።

ከደብረ ሲና፦
እኔም አልፌበታለሁ እህትህ። ሐኪሙ በየ2 ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ነው የቀነሰልኝ። ፍሬዋን በምላጭ ለሁለት ገምሼ፣ ግማሿን በወረቀት ጠቅልዬ ለነገ አስቀምጥ ነበር። መሃል ላይ 3 ሌሊት በጣም ከፋብኝ፣ ግን አለፈ። የረዳኝ ምን መሰለህ፣ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ አልጋ ላይ መገላበጤን ተውኩ። ጋቢዬን ለብሼ ሌላ ክፍል እቀመጣለሁ፣ ሲጫጫነኝ እመለሳለሁ። ጠዋት ግን ተኛሁም አልተኛሁም ሁሌ 12 ሰዓት እነሳለሁ። ቡናም ከምሳ በኋላ አልጠጣም። የማታውን ቡና መተው ከመድኃኒቱ በላይ ከበደኝ፣ ጎረቤት ሲጠራ እንዴት እንቢ ይባላል! ጭንቀቱን ራሱን ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ እየሄድኩ ተነጋገርኩበት፣ እሱ ካልተነካ እንቅልፉ አይመለስም።

የሁለት ልጆች እናት፦
ልጄ፣ እናትህን አታሳዝናት፣ ጠበሉም ጸሎቱም መልካም ነው። ኪኒንህን ግን ይዘህ ሂድ። የእኔ ወንድም ጠበል ገባሁ ብሎ መድኃኒቱን በአንዴ ጥሎ ታሞብናል። እናትህ የምትፈራው አንተን ማጣት ነው፣ የጣርማበሩንም ንገራት።

የደብረ ብርሃን ሹፌር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሐኪም ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። አልተቆጣኝም፣ የመቀነሻውን ቀን በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። መኪናውን ጓደኛዬ እየነዳ ነው። ለእናቴ ማታ እነግራታለሁ።