የጎልፍ መኪና በአስፋልት ላይ፦ ደንቡን እንዴት ልጻፈው?
እባካችሁ እርዱኝ፣ ግራ ገብቶኛል። የጎልፍ መኪና (በጎልፍ መጫወቻ ሜዳ የሚነዳው ትንሽ፣ በር የሌለው መኪና) በሕዝብ መንገድ ላይ እንዴት ይነዳ የሚል ረቂቅ ደንብ እያዘጋጀሁ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰዓት ከ32 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ለሚሮጡት የፊት መብራት፣ ፍሬቻና የደህንነት ቀበቶ ያስገድዳል። ከዚያ በታች የሚሄደው ተራው የጎልፍ መኪና ግን ለየአካባቢው ሕግ ነው የተተወው።

እኔን ያስጨነቀኝ የኋላ ወንበሩ ነው። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የተቀመጠ ልጅ ቀበቶ ካላሰረ፣ መኪናው ድንገት ሲነሳ ወይም ሲታጠፍ አስፋልቱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በር የለ፣ ምን የለ! ቀበቶ ግዴታ ይሁን ወይስ ልጆች ከኋላ ጭራሽ አይቀመጡ? ፈጣኑን አውራ መንገድ ማቋረጥስ የት ጋ ይፈቀድ? እንዲህ ያለ ደንብ የጻፈ ወይም ያስፈጸመ ካለ፣ በተግባር የሠራላችሁን አንቀጽ ብታካፍሉኝ ውለታችሁን አልረሳም።