ልጆችን ለክረምት ወደ ጎርጎራ ስለ መላክ

ጠያቂ እናት፦ ትምህርት ሲዘጋ የ9 ዓመት ልጄን ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ወደሚዘጋጅ የልጆች የክረምት ካምፕ ለመላክ አስቤያለሁ፤ ሆኖም ዋና ስለማይችል ልቤ አልረጋም። አዘጋጆቹን ምን ብጠይቅ ይበጃል?

መልስ፦ እህቴ፣ አስቀድመው ስለ ውሃው ይጠይቁ። በጣና ዳርቻ ብልሃርዝያ (በቀንድ አውጣ አማካኝነት ከውሃ ወደ ሰው የሚተላለፍ የትል በሽታ) ስላለ፣ ቀንድ አውጣ በሚበዛበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ልጆች እንዲቦራጨቁ ለሚፈቅድ ካምፕ እኔ ልጄን አልሰጥም፤ የሕይወት አድን ጃኬቱም በልጅዎ ልክ መሆኑን ራስዎ አጥብቀው ይዩ።

ሌላ መልስ፦ በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ስለሚበረታ፣ የጀልባ ጉዞው ጠዋት ይሁን። ልጄ አምና ካልሲዋ ሁሉ ርሶ፣ ነገር ግን ከደንገል ታንኳ መሥራት ተምራ ተመለሰች፤ ትንሿ ታንኳ አሁንም መስኮታችን ላይ ናት።