የጋራ ሰርቨር ላብ፦ አንድ ትልቅ ወይስ ሦስት ትንንሽ?

ጸሐፊ

ሰላም አባላት። ባለፈው ስብሰባ «ይታሰብበት» ተብሎ የታለፈው የሰርቨር ላብ (ቤተ ሙከራ) ጉዳይ በፕሮፖዛል ይቅረብ ተብሏል። ኮሚቴው አንድ ገጽ ያነባል፤ ከዚያ ካለፈ አያነብም፣ እናውቃቸዋለን። መነሻ እንዲሆን ይህችን ሞነጫጭሬአለሁ። ቁረጡ፣ ቀጥሉ።

«ማኅበሩ፣ አባል ድርጅቶች የደንበኛ ሰርቨር ከመትከላቸው በፊት የሚሞክሩበት የቨርቹዋላይዜሽን (በአንድ ማሽን ውስጥ ብዙ ኮምፒውተሮችን በሶፍትዌር የመፍጠር) ላብ መገናኛ በሚገኘው ቢሮ ያቋቁማል። አንድ ያገለገለ ዴል ፓወርኤጅ አር730 ከ128 ጊጋ ራም ጋር ይገዛል። ለዚህ የሚያገለግለው ሶፍትዌር ቪኤምዌር ይጫንበታል።»

የሜክሲኮው አባል

ለአር730 እጄን አነሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ዕቃ ነው፤ ግን ደንበኛ ዘንድ ስንሄድ የምናገኘው እሱን ወይም ዘመዶቹን ነው። ልጆቻችን ብዙ ዲስኮችን አንድ ላይ የሚያሠራውን ሬይድ ካርድ ይንኩ። ሰርቨሩ ሳይጠፋ ዲስክ ነቅለው ይተኩ። በአይድራክ፣ በዴል የርቀት መቆጣጠሪያ፣ ከሩቅ ያስነሱት። ይሄ በላፕቶፕ አይለመድም።

ቪኤምዌር ግን ይውጣ። ብሮድኮም የተባለ ኩባንያ ቪኤምዌርን በኖቬምበር 2023 ጠቀለለው። ከዚያ ወዲህ አንዴ ተገዝቶ የሚያዝ ላይሰንስ ቀረ፤ ሁሉም በየጊዜው የሚታደስ ኪራይ ሆነ። በነፃ ይሰጥ የነበረው የቪኤምዌር ሶፍትዌር፣ ኢኤስኤክስአይ፣ በ2024 መጀመሪያ ላይ ቀረ፣ በኤፕሪል 2025 ደግሞ ተመለሰ። እሱም ቢሆን ብዙ ሰርቨሮችን ከአንድ ቦታ ከሚያስተዳድረው ቪሴንተር ጋር አይያያዝም፤ የባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ሶፍትዌሮች የሚገቡበት በርም ዝግ ነው። አንዴ የነሳ ሰው ነገም ላለመንሳቱ ምን ዋስትና አለን?

ገንዘብ ያዥ

በየዓመቱ በዶላር የሚከፈል ነገር ካለበት እኔ አልፈርምም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር ወደ 57 ብር ነበር። የምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ በኋላ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ዘንድሮ የሚቻለን ኪራይ ለከርሞ ላይቻለን ይችላል። አንዴ የሚገዛ ዕቃ ይሁን። ደረሰኝ ያለው ይሁን። ሦስት ፕሮፎርማ ይምጣ። ያለ ደረሰኝ «ከመርካቶ በቅናሽ አገኘሁት» የሚል ሰው ከኔ ጋር አይግባባም።

የፒያሳዋ አባል

የሶፍትዌሩ ነገር ቀላል ነው፣ የቪኤምዌርን ሥራ የሚሠራው ፕሮክስሞክስ ይሁን። የቪየና ኩባንያ ነው የሚሠራው። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ መሠረቱ ዴቢያን ሊኑክስ ነው። ውስጡ ያለው፣ ቨርቹዋል ማሽኖቹን (በሶፍትዌር የተፈጠሩትን ኮምፒውተሮች) የሚያስኬደው ኬቪኤም ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል (እምብርት) አካል ነው። ሳይከፍሉ ሁሉንም ነገር መጠቀም ይቻላል፤ የሚከፈለው ለድጋፍና ለተፈተነ የማሻሻያ ምንጭ ነው። ስትጭኑት የሚከፈልበት ምንጭ ስለሚቀድም አፕዴት ስታደርጉ ስህተት ይሰጣችኋል። አትደንግጡ፣ ያለ ክፍያ ወደሚሰጠው ምንጭ ቀይሩት።

የምቃወመው ሰርቨሩን ነው። ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አር730 ሥራ ፈቶም ከ100 ዋት በላይ ይበላል። ሥራ ሲኖርበት 200 ዋት ብንይዝለት በወር 144 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ድምፁ ደግሞ አለ። ቢሮው አንድ ክፍል ነው፤ ከዚያ ሰርቨር አጠገብ ስልክ የሚያወራ ሰው አይኖርም። ከሁሉም በላይ አንድ ነው። ማዘርቦርዱ ከሄደ ላቡ ሄደ።

ሦስት ትንንሽ ኮምፒውተር ይገዛ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ ሌኖቮ ታይኒ፣ ኤችፒ ሚኒ፣ የተገኘው ይሁን። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አልቋል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰርን አይቀበልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቢሮዎች ከሥራ የሚያወጡት ማሽን ብዙ ነው። እነዚያው ማሽኖች ለፕሮክስሞክስ ምንም አይሉም። እያንዳንዱ እስከ 32 ጊጋ ራም ይወስዳል፤ ሦስቱ 96 ሆነ። ሥራ ሲኖርባቸው በአማካይ 20 ዋት ብንይዝ ሦስቱ በወር 43 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳሉ።

የሐዋሳው አባል

እኔ እንደ ክፍለ ሀገር ሰው ልጠይቅ። ለምን ክላውድ፣ በኢንተርኔት የሚሠራበትን የሌላ ድርጅት ሰርቨር፣ አንከራይም? መገናኛ ድረስ መጥቼ አልሞክርም። ካርዱን አስገብቶ በሰዓት መክፈል ነው።

ገንዘብ ያዥ

የማንን ካርድ ነው የምታስገባው ልጄ?

የፒያሳዋ አባል

ከካርዱም ሌላ ነገር አለ። የደንበኛን የደመወዝ መዝገብ የውጭ አገር ሰርቨር ላይ አስቀምጠን መሞከር አንችልም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ዝርዝሩን የሕግ ሰው ያንብብልን፤ እስከዚያ ግን ከአገር አናውጣ። አንተ ደግሞ በቪፒኤን፣ በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የተቆለፈ መስመር፣ ትገባለህ። ፋየርዎሉን (የኔትወርኩን በር ጠባቂ) ኦፒኤንሴንስ አድርገን ዋየርጋርድ የሚባለውን ቪፒኤን እንከፍትልሃለን። የፕሮክስሞክስን የማስተዳደሪያ ገጽ፣ በ8006 ፖርት የሚከፈተውን፣ ቀጥታ ለኢንተርኔት መክፈት ግን የለም። ይህ ፕሮፖዛሉ ላይ ይጻፍ፤ አንድ ቀን «ለጊዜው ነው» ብሎ የሚከፍተው ሰው አይጠፋም።

የሜክሲኮው አባል

እሺ፣ ሦስት ትንንሽ። ግን ሦስት ለምን? ሁለት ቢሆን ገንዘብ ይተርፋል።

የፒያሳዋ አባል

ተያይዘው የሚሠሩ ማሽኖች የሚወስኑት በድምፅ ብልጫ ነው። ሁለት ከሆኑ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ብቻውን አብላጫ ድምፅ የለውም። እየሠሩ ያሉት ቨርቹዋል ማሽኖች ይቀጥላሉ፤ አዲስ ማስነሳትም ሆነ ቅንብር መቀየር ግን ፕሮክስሞክስ ይከለክላል። ሦስት ሲሆኑ አንዱ ቢወድቅ ሁለቱ ይበቃሉ። በሁለት ማሽን ላይ ራዝበሪ ፓይ የምትባል አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ጨምሮ ድምፅ እንድትሰጥ ማድረግም ይቻላል። የሚያስተምረው ግን አንዱን ገመዱን ነቅሎ የሆነውን ማየት ነው። ለዚያ ሦስት እውነተኛ ማሽን ይሻላል።

ሴፍ የሚባለውን የጋራ ማከማቻ ግን አትጠይቁኝ። እሱ ደህና ፈጣን ኔትወርክ ይፈልጋል፤ እኛ ያለን ባለ 1 ጊጋ ስዊች ነው። እያንዳንዱ ማሽን በራሱ ኤስኤስዲ ላይ ዚኤፍኤስ የሚባለው የፋይል ሥርዓት ይኑረው፣ በየተወሰነ ደቂቃ አንዱ ወደ ሌላው ይቅዳ። ለቤተ ሙከራ ይበቃል። ኤስኤስዲው ላይ ግን አትቆጥቡ። ርካሹ ኤስኤስዲ ለዚኤፍኤስ ጽሕፈት ቶሎ ይደክማል።

የቦሌው አባል

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ስለ ማሽን ብቻ ነው የምታወሩት። ላቡ ምን ይሠራበታል? እኔ ልንገራችሁ፣ ከደንበኞቼ አብዛኞቹ ያላቸው አንድ ነገር ነው፤ ፒችትሪ፣ የሒሳብ ሶፍትዌሩ። ሒሳብ ክፍል ጥግ ላይ፣ አቧራ የለበሰ ኮምፒውተር፣ ዊንዶውስ 7፣ ማንም እንዳይነካው ተብሎ ወረቀት የተለጠፈበት። የድርጅቱ ነፍስ እዚያ ውስጥ ነው። ዳታው የሚቀመጠው ፐርቬሲቭ በሚባለው የድሮ ዳታቤዝ ነው። ሒሳቧ ስትመዘግብ መብራት ከሄደ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ያኔ ነው የሚደወልልን።

ላቡ ይህን ሥራ ይሥራ። አንድ የቆየ ኮምፒውተር እንዳለ ወደ ቨርቹዋል ማሽን እንዴት ይዛወራል? የማይክሮሶፍት ዲስክ2ቪኤችዲ ማሽኑ እየሠራ ዲስኩን ወደ ፋይል ይገለብጠዋል። ያንን ፕሮክስሞክስ ላይ ታስገባለህ። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሸነፈው። ዲስኩን ቨርትአይኦ በሚባለው ፈጣን ማገናኛ ላይ አድርገህ ካስነሳኸው ዊንዶውሱ ሾፌር (ድራይቨር) ስለሌለው ሰማያዊ ስክሪን ያሳይሃል። መጀመሪያ በተለመዱት ማገናኛዎች፣ በሳታ ወይም በአይዲኢ፣ አስነሳው። ሌላ ትንሽ የቨርትአይኦ ዲስክ ጨምርለት፣ ሾፌሩን ጫንለት፣ አጥፋው። ከዚያ ዋናውን ዲስክ ቀይር። ይህን አንድ ጊዜ በላብ የሠራ ልጅ ደንበኛ ፊት አይንቀጠቀጥም።

የፒችትሪውን ላይሰንስ ጉዳይ ዛሬ አላነሳውም :)

ጸሐፊ

ይሄ ነው የኮሚቴውን ልብ የሚገዛው። «ቨርቹዋላይዜሽን» ሲባል ዓይናቸው ይከደናል። «ፒችትሪ ያለበት ኮምፒውተር ቢቃጠል በግማሽ ቀን እንመልሳለን» ሲባል ቀና ይላሉ። መግቢያው በዚህ ይጀመር።

የሐዋሳው አባል

በግማሽ ቀን መመለሱን በምን እናውቃለን? ባክአፕ አለን የሚል ደንበኛ ሞልቷል። ፍላሹን ስትሰካው ግን ባዶ ነው።

የቦሌው አባል

ጥሩ አልክ። ስናፕሾትን፣ የማሽኑን የአንድ ቅጽበት ሁኔታ የሚይዘውን፣ ባክአፕ የሚሉም አሉ። ስናፕሾቱ ያለው እዚያው ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይቀበራል። ፕሮክስሞክስ የራሱ የባክአፕ ሰርቨር አለው፣ ከ2020 ጀምሮ ያለ፣ እሱም በነፃ። የተቀየረውን ክፍል ብቻ ስለሚወስድ ቦታ አይበላም። ለእሱ አራተኛ ማሽን ያስፈልጋል። አሮጌ ዴስክቶፕ ይበቃል፣ ግን ሁለት ትልልቅ ዲስክ ይኑረው። እና ፕሮፖዛሉ ላይ አንድ ግዴታ ይግባ። በየወሩ አንድ ቨርቹዋል ማሽን በዕጣ ተመርጦ ይሰረዛል። ተረኛው አባል ከባክአፕ ያስነሳዋል። የፈጀው ሰዓት ይመዘገባል።

የሜክሲኮው አባል

ይሄ ጥሩ ጨዋታ ነው። እኔ የመጀመሪያው ተረኛ ልሁን።

ገንዘብ ያዥ

አራተኛ ማሽን ተጨመረ። ዲስክ ተጨመረ። የመብራቱን ነገር ግን ማንም አላነሳም። መገናኛ ቢሮ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

የፒያሳዋ አባል

እውነትዎን ነው። በእኔ አስተያየት ከማሽኑ በፊት ዩፒኤሱ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው፣ ይገዛ። ሦስቱ ማሽኖች፣ የባክአፑና ስዊቹ አንድ ላይ 100 ዋት ገደማ ቢሆኑ ነው። ባለ 1500 ቪኤ ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ ሁለት 12 ቮልት 9 አምፒር ሰዓት ባትሪ አለው፤ ያ በወረቀት 216 ዋት ሰዓት ነው። በተግባር ቢቀንስም ባትሪው አዲስ ከሆነ አንድ ሰዓት አካባቢ ያቆየናል። አር730 ቢሆን ኖሮ ግማሽ ሰዓት ላይ እንጨነቅ ነበር።

ግን ማቆየቱ ብቻ አይበቃም። ሌሊት ሰው የለም። ዩፒኤሱ የዩኤስቢ መውጫ ያለው ይሁን። ኤንዩቲ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም እንጭናለን። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ቨርቹዋል ማሽኖቹን በሥርዓት ያጠፋል፣ ከዚያ ራሳቸውን ማሽኖቹን። መብራት ሲመለስ እንዲነሱ ባዮስ (የማሽኑ መነሻ ፕሮግራም) ላይ ቅንብሩ አለ። እግረ መንገዳችሁን እዚያው ቪቲ-ኤክስ፣ ፕሮሰሰሩ ቨርቹዋል ማሽን እንዲያስኬድ የሚያደርገው ቅንብር፣ መከፈቱን እዩ፤ ያገለገለ ማሽን ላይ ጠፍቶ ይገኛል። ባትሪው ደግሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደክማል፣ የመተኪያው ገንዘብ ከወዲሁ ይያዝ።

የቦሌው አባል

ሁለት ነገር ልጨምር፣ ከዚያ ዝም እላለሁ። አንደኛ፣ ክራክ የተደረገ (ላይሰንሱ የተሰበረ) ነገር ላቡ ውስጥ አይግባ። ዊንዶውስ ሰርቨርን ማይክሮሶፍት ራሱ ለ180 ቀን ለሙከራ ይሰጣል። ለላብ ከበቂ በላይ ነው፣ ሲያልቅ አዲስ ይጫናል። ክራኩ ይዞት የሚመጣው ነገር ወደ ደንበኛ ኔትወርክ ቢሻገር ማን ይጠየቃል? ሁለተኛ፣ የደንበኛ ዳታ ሲመጣ በተለየ ቪላን (ለብቻው በተከፈለ ኔትወርክ) ይቀመጥ፣ ሥራው ሲያልቅ ይጥፋ፣ ደንበኛውም በጽሑፍ ፈቅዶ ይሁን።

የሜክሲኮው አባል

እኔ ቤት አንድ አር720 ተቀምጧል። ለማኅበሩ በውሰት አመጣዋለሁ። የሬይድና የዲስክ መቀየር ትምህርት ሲኖር ብቻ ይበራል። ሌላ ቀን ይተኛ። እህቴ፣ ስልክ ስታወሪ አላበራውም።

ደግሞ ቪኤምዌርን ጨርሰን አንርሳው። ደንበኞቻችን ዘንድ ገና አለ። ፕሮክስሞክስ በ2024 ከኢኤስኤክስአይ ቀጥታ የሚያስገባ መሣሪያ ጨምሯል። ማሽን ከዚያ ወደዚህ ማዛወር መለማመጃ ይሁነን። ይሄም ሥራ ያመጣል።

ጸሐፊ

ሁሉንም ሰብስቤ ከለስኩት። እዩት።

«የብዙ ደንበኞቻችን ሒሳብ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው። ያ ኮምፒውተር ቢበላሽ መልሶ ለማንሳት አባላት የሚለማመዱበት ቦታ የላቸውም። ስለዚህ ማኅበሩ በመገናኛ ቢሮ አነስተኛ የቨርቹዋላይዜሽን ላብ ያቋቁማል። በቅድሚያ ባለ 1500 ቪኤ፣ የዩኤስቢ መውጫ ያለው ዩፒኤስ ይገዛል። ቀጥሎ ሦስት ያገለገሉ ትንንሽ ኮምፒውተሮች፣ እያንዳንዳቸው 32 ጊጋ ራምና ደህና ኤስኤስዲ ያላቸው፣ እንዲሁም ለባክአፕ አንድ ዴስክቶፕ ከሁለት ዲስክ ጋር ይገዛሉ። ፕሮክስሞክስ ይጫናል፤ ዓመታዊ የውጭ ምንዛሪ ክፍያ አይኖርም። ከከተማ ውጭ ያሉ አባላት በቪፒኤን ይገባሉ፤ የማስተዳደሪያው ገጽ ለኢንተርኔት አይከፈትም። በየወሩ አንድ ቨርቹዋል ማሽን በዕጣ ተሰርዞ ከባክአፕ ይነሳል፣ ውጤቱም ለአባላት ይገለጻል። የደንበኛ ዳታ በጽሑፍ ፈቃድ ብቻ ይገባል፣ ሥራው ሲያልቅ ይደመሰሳል። ፈቃድ የሌለው ሶፍትዌር አይጫንም።»

የአር720ውን ውሰት በአባሪ አስገባዋለሁ።

የሐዋሳው አባል

ለክፍለ ሀገር አባላት የተወሰነ ሰዓት ይያዝልን። ማታ ማታ ኢንተርኔቱም ይሻላል።

የፒያሳዋ አባል

ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ይሁንላችሁ። ማሽኖቹ ስለማይጠፉ ቁልፍ የያዘ ሰው መጠበቅ የለባችሁም።

ገንዘብ ያዥ

ቁልፉን ግን ማን ይይዛል? አንድ ሰው ብቻ ከያዘው እሱ ሲታመም ላቡም ይታመማል። ሁለት ሰው ይሁን፣ በፊርማ። ፕሮፎርማው ላይ ደግሞ «ያገለገለ» መሆኑና የዋስትናው ጊዜ ይጻፍ። ሻጩ አብርቶ፣ ራሙን አሳይቶ ያስረክብ።

ጸሐፊ

ይገባል። የሜክሲኮውና የፒያሳዋ ቁልፍ ይያዙ፤ ተቃውሞ ካለ እስከ ዓርብ ጻፉልኝ። ፕሮፎርማ የምታመጡት ሰኞ ከቀትር በፊት፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ገንዘብ ያዥ።