ቦኖው በነጻ ይቀጥል ወይስ ክፍያ ይጀመር? ምክራችሁን እሻለሁ

ጠያቂ፦ የምሠራበት የውሃ ኮሚቴ አንድ ቦኖ ያስተዳድራል። እስካሁን ውሃው በነጻ ነበር። ፓምፑ ሲበላሽ ግን ለጥገና ቤሳ ቤስቲን ስላልነበረን ሰዉ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከወንዝ ቀዳ። አሁን በጄሪካን ለማስከፈል ታስቧል። ተራ ከሚጠብቁት መካከል አንዲት አዛውንት አሉ፤ ጉልበታቸው ባለ 20 ሊትሩን ስለማይችል በአምስት ሊትር ዕቃ ይመላለሳሉ። እሳቸውን በምን አፌ ክፈሉ ልበላቸው?

የፓምፕ ጠጋኙ፦ ወንድሜ፣ አስከፍሉ። አንዲት የተበላች የጎማ ቀለበት ፓምፑን ሙሉ ስታቆመው ስንት ጊዜ አይቻለሁ! መግዣው ተቀማጭ ካለ ሥራው የግማሽ ቀን ነው። በጄሪካን መሆኑም ብክነትን ይቀንሳል።

የሕግ ባለሙያው፦ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹሕ ውሃን ሰብአዊ መብት ያለው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ይህ ክፍያን አይከለክልም፤ መክፈል ያልቻለ ሰው ግን ውሃ ሊከለከል አይገባም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለአንድ ቤተሰብ በወር 6,000 ሊትር በነጻ የመስጠት ፖሊሲ ተከትላለች። ስምንት ሰው ባለበት ቤት ሲካፈል ግን ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ብቻ ነው። ስለዚህ ነጻውን መጠን ስትወስኑ የቤተሰቡን ቁጥር ቁጠሩ።

ውሃ ቀጂዋ፦ በጄሪካን የሚለውን አልቀበልም። ልጅ የበዛበት ቤት ሳንቲም ሲያጥረው መጀመሪያ የሚቀንሰው የእጅና የገላ መታጠቢያውን ነው፤ በሽታም በዚያ በኩል ይገባል። ወርሃዊ መዋጮ ይሁን። ለከፋዩም ላልከፈለውም አንድ ዓይነት ካርድ ስጡ፤ የነጻ ተጠቃሚዎቹ ስም በገንዘብ ያዥዋ መዝገብ ብቻ ይቀመጥ። እኔ በሰልፍ መካከል "የነጻዎቹ ወዲህ ቁሙ" ስባል አንገቴን ደፍቼ ቆሜ አውቃለሁ።

የጤና ባለሙያዋ፦ ከጥገና በኋላ ጉድጓዱን በክሎሪን ሳታክሙ ቦኖውን አትክፈቱ። ጄሪካኖቹም ይታጠቡ፤ ከቦኖው ንጹሕ ሆኖ የወጣ ውሃ በቆሸሸ ዕቃ ይበከላል።

ጠያቂ፦ እኅቴ፣ የካርዱን ሐሳብ እሑድ ለስብሰባ አቀርባለሁ። በነጻ የሚቀዱትን ማን ይምረጥ?

ውሃ ቀጂዋ፦ በየቀኑ አብረዋቸው የሚሰለፉት ሴቶች። ማን ጾሙን እንደሚያድር ከኮሚቴው በፊት የምናውቀው እኛ ነን። ለእናታችን ደግሞ ባለ 20 ሊትሩን ቤታቸው የሚያደርስ ወጣት መድቡላቸው።