ከሜሪላንድ ኦንላይን ስሸጥ ሴልስ ታክስ የምሰበስበው ከየትኛው ስቴት ገዢ ነው?

ጥበብ ሻጯ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከቤቴ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ እሸጣለሁ፤ ከፊሉን ብዙ ሻጮች በሚሸጡበት የኦንላይን ገበያ በኤትሲ፣ ከፊሉን በራሴ የሾፒፋይ ሱቅ። ገዢዎቹ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ፔንሲልቬኒያና ቴክሳስ ያሉ ናቸው። የዓመቱ ሽያጭ በጠቅላላ 60,000 ዶላር ገደማ ነው። ከሁሉም ታክስ መቀበል አለብኝ? ሾፒፋይስ ራሱ ይከፍልልኛል?

ሒሳብ ሠራተኛ፦
እህቴ፣ ሾፒፋይ አስልቶ ከገዢው ይቀበልልሻል እንጂ ለስቴቱ አይከፍልልሽም። ብሩ ወደ አንቺ አካውንት ይገባል፤ ሪፖርት አድርገሽ የምትከፍዪው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ለብቻው አካውንት ክፈቺለት፣ ከሥራ ማስኬጃው ጋር ከተቀላቀለ ሳይታወቅ ያልቃል። ኤትሲ ግን ሕግ ስለሚያስገድደው ራሱ ሰብስቦ ያስገባል፤ በዚያ የሸጥሽውን ደግመሽ አትክፈዪ።

ሜሪላንድ ዕቃሽ ያለበት ስለሆነ ከሜሪላንድ ገዢዎች ከመጀመሪያው ሽያጭ ጀምሮ 6 በመቶ ትሰበስቢያለሽ። ሌሎቹ ስቴቶች ዌይፌር ከተባለው የ2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ፣ እዚያ ቢሮ ባይኖርሽም ሽያጭሽ ከወሰናቸው ካለፈ ያስገድዱሻል። የቴክሳስ ወሰን 500,000 ዶላር ነው፣ ለጊዜው እርሺው። ቨርጂኒያን ግን ተጠንቀቂ፦ 100,000 ዶላር *ወይም* በዓመት 200 ሽያጭ ነው። የ40 ዶላር ነጠላ 200 ጊዜ ብትሸጪ ገቢው 8,000 ዶላር ብቻ ነው፣ ወሰኑ ግን ሞልቷል። የብሩን ድምር ብቻ አትዪ፤ የትዕዛዙንም ብዛት በየስቴቱ በየወሩ ቁጠሪ። አንዳንዱ ስቴት በኤትሲ የሸጥሽውንም ወሰኑ ውስጥ ይቆጥራል፣ አንዳንዱ አይቆጥርም፤ የየስቴቱን የታክስ ቢሮ ገጽ ሳታዪ አትወስኚ።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ በስቴቱ ተመዝግበሽ የታክስ ቁጥር አውጪ፣ ከዚያ ሾፒፋይ ላይ የዚያን ስቴት ታክስ አብሪ። ሳይመዘገቡ «ታክስ» ብሎ መቀበል ራሱ ጥፋት ነው።

የዕቃ መደብ፦
ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ተራ ልብስ ታክስ የለበትም፤ ለደማቅ ግብዣና ለሠርግ የሚሠራ ልብስ ግን አለበት። ስለዚህ የሠርጉን ቀሚስና የዘወትሩን ነጠላ አንድ ላይ አትመድቢያቸው። ሾፒፋይ ላይ እያንዳንዱ ዕቃ የምርት መደብ አለው፤ ባዶ ከተተወ ነጻ የሆነውንም ዕቃ ታክስ ሊጥልበት ይችላል። ሜሪላንድ ግን ልብስ ላይ ታክስ አለ። በፈረንጆቹ ኦገስት ውስጥ ያለችው ከታክስ ነጻ ሳምንት እስከ 100 ዶላር የሚሸጥ ልብስን ትምራለች፣ ኦንላይን ለሚሸጥም ትሠራለች።

ጥበብ ሻጯ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመላኪያው ሒሳብስ?

ሒሳብ ሠራተኛ፦
ሜሪላንድ ውስጥ የፖስታው ዋጋ ደረሰኝ ላይ ለብቻው ከተጻፈ ታክስ የለበትም። «መላኪያና ማሸጊያ» ተብሎ በአንድ መስመር ከተደመረ ግን ሙሉው ይታክሳል። መስመሩን ለዪው።

ድንኳን ተከራይ፦
አንድ ነገር ልጨምር። በየዓመቱ ከተማ እየቀያየረ በሚካሄደው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ውድድር ላይ ድንኳን ይዘሽ ከሸጥሽ፣ የዚያን ስቴት ወሰን ሳትጠብቂ ታክስ የመሰብሰብ ግዴታ ሊመጣብሽ ይችላል። ብዙ ስቴቶች ለእንዲህ ያለው ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጣሉ፤ ከመሄድሽ በፊት አውጪ።

የሜሪላንዱ ሪፖርት ደግሞ የሚሸፍነው ጊዜ ባለቀ በቀጣዩ ወር እስከ 20ኛው ቀን መግባት አለበት። ምንም ባትሸጪም ዜሮ ብለሽ ላኪ።