ሳወራላት ፊቷን ታዞራለች፤ ምን ላድርግ?

አዲሱ አባት፦ እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ልጄ እጄ ላይ ናት፤ እያለቀሰች ነው። ሕፃን ከተወለደ ቀን ጀምሮ ማነጋገር ለአእምሮው እድገት ይጠቅማል ስለተባልኩ ሳላቋርጥ አወራላታለሁ። መጀመሪያ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ጥቂት ቆይታ ፊቷን ታዞራለች። ጠጋ ብዬ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ታዛጋለች፣ ወደ ኋላ ትለጠጣለች፣ በመጨረሻም ትጮኻለች። ባለቤቴ አሁን ገና እንቅልፍ ወስዷት ልቀሰቅሳት አልፈልግም። ጆሮዋ አይሰማ ይሆን? ወይስ ድምፄን ጠልታው ነው?

የሦስት ልጆች እናት፦ ወንድሜ፣ ስንት ቀኗ ነው? መቼ ጠባች? ዳይፐሯን አይተሃል? ከወሬው በፊት እነዚህ ይቀድማሉ።

መምህሩ፦ ድምፅህን ጠልታ እንዳልሆነ እርግጠኛ ሁን። ሕፃን መስማት የሚጀምረው ማህፀን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ዲካስፐርና ፋይፈር የተባሉ ተመራማሪዎች ከተወለዱ ሦስት ቀን ያልሞላቸው ሕፃናት ጡጦ ሲጠቡ የእናታቸው ወይም የሌላ ሴት ድምፅ እንዲሰማ አደረጉ። ሕፃናቱ የእናታቸውን ድምፅ ለመስማት ሲሉ አጠባባቸውን ቀየሩ! እ.ኤ.አ. በ1988 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የአራት ቀን ፈረንሳውያን ሕፃናት ፈረንሳይኛን ከሩስያኛ ለይተዋል። ቃሉን ሳይሆን ዜማውን ነው የሚለዩት። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ባይሰጣትም ድምፅህ የሚወጣበትና የሚወርድበት መንገድ...

የሦስት ልጆች እናት፦ መምህር፣ ልጅቱ እያለቀሰች ነው።

ጎረቤት፦ ፊትህን ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር አቅርብላት። አራስ ልጅ አጥርቶ የሚያየው በዚያ ርቀት ነው።

አያት፦ ልጄ፣ እኔም ባለቤቴ ወሬ ሲያበዛብኝ ፊቴን አዞራለሁ፤ አርባ ዓመት አብረን ኖረናል፣ እወደዋለሁም። ልጅህ «ቆይ፣ ልረፍ» እያለችህ ነው። አሁን ዝም በልና ደረትህ ላይ አስተኛት። ራሷ ስትመለስ ታወራላታለህ።

አዲሱ አባት፦ ዛሬ 19 ቀኗ ነው። ከጠባች ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ ዳይፐሯም ደረቅ ነው። እማማ፣ ዝም ማለቱን ፈርቼ ነው። ሕፃን በቀን ብዙ ሺህ ቃል መስማት አለበት የሚል አንብቤ በስልኬ እየቆጠርኩ ነበር። ሲደክመኝ ንግግሩ እንዳይቋረጥባት ቴሌቪዥን እከፍትላታለሁ። አሁንም ተከፍቷል።

ሞጋች፦ ቴሌቪዥኑን አጥፋው! ይህን መጀመሪያ መናገር ነበረብህ። የቃል ቆጠራው መነሻ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ የ42 ቤተሰቦች ጥናት ነው፤ እሱም ስለ አራስ አልነበረም፤ ቁጥሮቹም እስከ ዛሬ ያከራክራሉ። ልጅህ ቃል የሚጠራቀምባት ጎተራ አይደለችም። ፓትሪሺያ ኩል የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ጥናት የዘጠኝ ወር ሕፃናት የቻይንኛ ድምፆችን የለዩት ፊት ለፊት ከተጫወተቻቸው ሰው ነበር። ያንኑ በቴሌቪዥን ያዩት አልለዩም። የዓለም ጤና ድርጅትም ከአንድ ዓመት በታች ላለ ልጅ ስክሪን አይመክርም።

ሌላ ጎረቤት፦ ፊትህን ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ራቅ አድርገህ...

ሞጋች፦ ይህ ተነግሮታል። እሱ እንዲያውም ከመጠን በላይ ተጠግቷል።

የሕፃናት ነርስ፦ ወንድሜ፣ ፊት ማዞር፣ ማዛጋትና ወደ ኋላ መለጠጥ የመብዛት ምልክቶች ናቸው፤ ብርሃኑ፣ ድምፁ፣ ፊቱ አንድ ላይ ሲበዛባት እንዲህ ታደርጋለች። በዚህ ዕድሜ በቀን ብዙውን ሰዓት ትተኛለች፤ ረጋ ብላ ነቅታ የምትቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። ወሬ የሚሆነው ያኔ ብቻ ነው። ዓይኗ ተከፍቶ ሰውነቷ ሲረጋ አንድ ነገር በላት፣ ከዚያ ጠብቅ። ዓይኗን ብታርገበግብ ወይም አፏን ብታንቀሳቅስ መልስ ነውና አንተም መልስላት። ቀጠን ያለ፣ ዜማ ያለው ድምፅ ሕፃናት ይወዳሉ፤ አትፈር። ዳይፐር ስትቀይር «አሁን እግርሽን አነሳለሁ» ማለት ይበቃል። ጆሮዋን በተመለከተ ግን በግምት አትለፈው፤ የመስማት ምርመራ ተደርጎላታል?

አዲሱ አባት፦ አልተደረገላትም።

የሕፃናት ነርስ፦ እንግዲያውስ አንድ ወር ሳይሞላት አስመርምራት። ብዙ ጊዜ ተኝታ ሳለች ይሠራል፣ አያምም። ፊትህን በማየቷ ብቻ ትሰማለች ማለት አይቻልም፤ ፊቷን በማዞሯም አትሰማም አይባልም። ደግሞ ገላዋን ዳስስ። ሙቀቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም መጥባት እምቢ ካለች እኛን መጠየቅህን ትተህ አሁኑኑ ሐኪም ዘንድ ውሰዳት፤ ከሦስት ወር በታች ያለ ልጅ ትኩሳት ሲኖረው «ቆይ ልየው» አይባልም።

አዲሱ አባት፦ ለካሁ፣ 36.8 ነው። ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ መብራቱን ቀነስኩ። ደረቴ ላይ ናት። ልቅሶው ወደ ማቃሰት ወርዷል።

አያት፦ እሰይ የእኔ ልጅ! እንዲያው ብታንጎራጉርላት ይበቃል።

መምህሩ፦ ሲያንጎራጉር ደረት ይርገበገባል፤ ድምፁን በጆሮዋ ብቻ ሳይሆን በገላዋም...

የሦስት ልጆች እናት፦ መምህር፣ ይህ እንኳን ጥሩ ነው። ወንድሜ፣ ተኛች?

የሕፃናት ነርስ፦ ስትነቃ እንዴት እንደሆነች ንገረን። የምርመራውን ቀን ደግሞ ነገ ጠዋት ያዝ።